ቶሚ ዳግላስ (1904–1986)፦ ሕክምናን ለሁሉም ለማዳረስ የሄዱበት መንገድ

መግቢያ

ካናዳ ዘመድ ያለው ሰው አንድ ነገር ሳይሰማ አይቀርም። እዚያ አገር ሰው ሲታመም ሐኪም ዘንድ ሄዶ የጤና ካርዱን ያሳያል፣ ይታከማል፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሐኪሙ ላየበት ወይም ሆስፒታል ለተኛበት የሚከፍለው ሂሳብ የለም። ካናዳን ከጎረቤቷ ከአሜሪካ ጋር ስናስተያያት ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይገርማል። ሁለቱ አገሮች ረጅም ድንበር ይጋራሉ፣ አብዛኛው ሕዝባቸው አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ የሐኪሞቻቸው ትምህርትም ተቀራራቢ ነው። ታዲያ አንዱ አገር የነዋሪውን ሁሉ የሐኪምና የሆስፒታል ወጪ ከመንግሥት ቋት መክፈል ሲችል ሌላው ለምን አቃተው?

ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው ሙሉ መልስ ይሰጣል ብዬ አልነሳም። የማቀርበው የአንድን ሰው ሕይወት ነው። ቶማስ ክሌመንት ዳግላስ ይባላሉ፤ ካናዳውያን ግን ቶሚ ይሏቸዋል። በዲፓርትመንታችን ስለ ማኅበራዊ ፖሊሲ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንወያየው ምን መደረግ አለበት በሚለው ላይ ነው። እንዴት ተደርጎ ይገኛል የሚለው ግን በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ይነሳና ደወሉ ይደወላል። የዳግላስ ታሪክ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኚህ ሰው የሚፈልጉትን በወጣትነታቸው አውቀው ወደ እዚያ ለመድረስ ግን ዓመታት የፈጀ፣ ደረጃ በደረጃ የሆነ ጉዞ ሄደዋል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእግሩ ነገር

ቶሚ ዳግላስ ኦክቶበር 20 ቀን 1904 በስኮትላንድ፣ ፎልከርክ ከተማ አጠገብ ካምሎን በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ ብረት አቅልጦ በቅርጽ የሚያፈስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ልጁ ገና ስኮትላንድ ሳለ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱን ተጎዳ። ቁስሉ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ የማይለቅ ኢንፌክሽን ሆነበት። ቤተሰቡ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ወደ ካናዳ ተሰዶ ዊኒፔግ ከተማ ሲሰፍርም ሕመሙ አብሮት ተሻገረ።

ዊኒፔግ ውስጥ እግሩ እየባሰበት ሄዶ ሆስፒታል ገባ። ወላጆቹ አቅም ስላልነበራቸው የተኛው ለድሆች በነጻ በተዘጋጀ ክፍል ነበር። ሐኪሞቹ አይተው እግሩ መቆረጥ አለበት አሉ። በዚህ መሐል አንድ ስመ ጥር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ ክፍሉን ሲጎበኝ የልጁን እግር አየና ነገሩ ሳበው። ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ ይሁነኝ ብሎ ወላጆቹን አስፈቀደና ያለ ክፍያ ቀዶ ሕክምና አደረገለት። እግሩ ተረፈ።

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያበቃ አንድ ደግ ሐኪም ያደረገው በጎ ሥራ ሆኖ ይቀር ነበር። ዳግላስ ግን ዕድሜ ልኩን ሲያስታውሰው በሌላ መንገድ ነው። ለሐኪሙ ምስጋናው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የሀብታም ልጅ ቢሆን ኖሮ ያ ሐኪም ከመጀመሪያው ቀን ይመጣለት እንደነበር ተረዳ። እሱ የዳነው በዕጣ ነው። ሐኪሙ በዚያ ዕለት በዚያ ክፍል ባያልፍስ? በአጠገቡ አልጋ የተኛው ልጅስ? የአንድ ልጅ እግር በዕጣ ፈንታና በሰው ቸርነት ላይ መንጠልጠል የለበትም የሚለው አሳብ ከዚያ ጀምሮ አልለቀቀውም።

ልጅነቱ ሌላም ነገር አሳይቶታል። በ1919 ዊኒፔግ ውስጥ ከፍተኛ የሠራተኞች አድማ ተነስቶ ነበር። የ14 ዓመቱ ቶሚ ከጓደኛው ጋር ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፖሊስ በሰልፈኞች ላይ ሲተኩስ በዓይኑ አየ። ትምህርቱን አቋርጦ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሙያ ተማረ። ሊቆረጥ በነበረው እግሩ ቆሞም ቦክስ ተጫወተ፤ በ1922ና በ1923 የማኒቶባ ክፍለ ሀገር የቀላል ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ሰውነቱ ትንሽ፣ ምላሱ ፈጣን፣ ቀልዱ የማያልቅ ወጣት ነበር።

ከመድረክ ወደ ፓርላማ

በ1924 ብራንደን ኮሌጅ ገብቶ ለባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይነት ተማረ። በ1930 ተመርቆ አገባና ሳስካችዋን በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ ዌይበርን በምትባል ትንሽ ከተማ ፓስተር ሆኖ ተሾመ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኗልና አንቱ እያልን እንቀጥል።

ፓስተር ዳግላስ ዌይበርን የደረሱበት ጊዜ ክፉ ጊዜ ነበር። ሳስካችዋን የስንዴ አገር ናት። የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የስንዴ ዋጋ አብሮ ወደቀ፤ በዚያ ላይ ድርቅ መጣ፣ አፈሩን ነፋስ ጠራርጎ ወሰደው። ገበሬው ለሐኪም የሚከፍለው አልነበረውም። ሐኪሙም ከፋይ በሌለበት አገር መኖር እያቃተው ይሄድ ነበር። ፓስተሩ ቀብር ሲያስፈጽሙ ከቀበሯቸው መካከል ትንንሽ ልጆች ትተው የሞቱ ሁለት ወጣት አባቶች ነበሩ። ሁለቱም የሞቱት በቅርብ ሐኪም ስላልተገኘና ለጥሩ ሕክምና የሚሆን ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። በሐዘን ቤት ማጽናናት የፓስተር ሥራ ነው። ዳግላስ ግን ማጽናናት ብቻውን አልበቃ አላቸው።

በ1932 ገበሬዎች፣ ሠራተኞችና ሶሻሊስቶች ተባብረው በአጭሩ ሲ.ሲ.ኤፍ. የሚባለውን ፓርቲ ሲመሠርቱ ዳግላስ ገቡበት። በ1934 ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1935 ለፌዴራል ፓርላማ ተወዳድረው አሸነፉ።

በዚህ ዘመን ስለ እሳቸው ሲነገር መታለፍ የሌለበት አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። በ1933 ለማስትሬት ዲግሪ በጻፉት ጥናት በድሃ ቤተሰቦች ላይ የቀረበውን፣ በዚያን ጊዜ በብዙ ምሁራን ዘንድ ፋሽን የነበረውን ሰውን በዘር የማጣራት አሳብ ደግፈው ጽፈዋል። አእምሯቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ ማምከን ይገባል እስከማለት ደርሰው ነበር። በኋላ አሳቡን ተዉት፤ ሥልጣን ሲይዙም እንዲህ ያለ ሕግ እንዲወጣ አልፈቀዱም። ታላቅ የምንለው ሰውም ስህተት እንደሚሠራ ማወቁ አይጎዳንም።

ባዶ ካዝናና አንድ ግብ

ጁን 15 ቀን 1944 ሲ.ሲ.ኤፍ. በሳስካችዋን ምርጫ ከ52 መቀመጫዎች 47ቱን ወሰደ። በሰሜን አሜሪካ ሶሻሊስት ነኝ የሚል ፓርቲ መንግሥት ሲመሠርት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዳግላስ የክፍለ ሀገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የጤና ሚኒስትርነቱንም ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ራሳቸው ያዙት፤ እስከ 1949ም አልለቀቁትም። ይሄ ብቻውን ለካቢኔውም ለሕዝቡም መልእክት ነበር።

ሆኖም ክፍለ ሀገሩ በዕዳ የተዘፈቀ ነበር። ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን አይሞላም፣ ገቢው የሚወሰነው በዝናብና በስንዴ ዋጋ ነው። በዚያ ካዝና ላይ ለሁሉም ነጻ ሕክምና ብሎ ማወጅ ይቻል ነበር፤ መክፈል ግን አይቻልም ነበር። የፓርቲያቸው ሰዎች ደግሞ ዛሬውኑ ይሁን ይላሉ። ዳግላስ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። ግቡን በአደባባይ ተናገሩ፣ ቀኑን ግን አልቆረጡም። የገንዘብ ሚኒስትራቸው ክላረንስ ፋይንስ ገቢና ወጪው የተመጣጠነ በጀት በየዓመቱ እያቀረቡ ዕዳውን መቀነስ ጀመሩ። የሶሻሊስት መንግሥት ገንዘብ ያባክናል የሚለው ክስ በቁጥር ካልተመለሰ በቀር በንግግር እንደማይመለስ ዳግላስ ገብቷቸዋል።

ከዚያ በፊት ግን ያለውን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በሥልጣን በያዙ በወራት ውስጥ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ታሪክ ምሁር የነበሩትን ሄንሪ ሲገሪስትን ጋብዘው የክፍለ ሀገሩን የጤና ሁኔታ አስጠኑ። ሪፖርቱ በዚያው በ1944 መጸው ቀረበ። ደግሞም ሳስካችዋን ባዶ መሬት አልነበረችም። ከ1910ዎቹ ጀምሮ የገጠር አስተዳደሮች ከነዋሪው ግብር ሰብስበው ለአንድ ሐኪም ደመወዝ የሚቆርጡበት ልማድ ነበራቸው፤ ተጎራባች ወረዳዎችም ተባብረው ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። ገበሬው አንድ ላይ አዋጥቶ አንድ ላይ መጠቀምን ያውቃል ማለት ነው። እድር ባለበት ሰፈር ያደግን ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ሰው የሚያዋጣው ችግሩ ሳይደርስ ነው፣ ሲደርስ ደግሞ ማን ስንት አዋጣ ተብሎ አይጠየቅም። የዳግላስ መንግሥት የሠራው ይህን ልማድ ከሰፈር ወደ ክፍለ ሀገር ማሳደግ ነበር።

ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ደረጃ በጣም የተቸገሩትን መያዝ ነበር። ከጃንዋሪ 1945 ጀምሮ በጡረታ የሚኖሩ አረጋውያንና በመንግሥት ድጎማ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ከነልጆቻቸው ነጻ ሕክምና አገኙ። የካንሰር ሕክምናም ለነዋሪው ሁሉ ነጻ ሆነ። እዚህ ላይ ክርክር ብዙም አልነበረም። አረጋዊት መበለት አትታከም የሚል ፖለቲከኛ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ደረጃ ሙከራ ነው። በክፍለ ሀገሩ ደቡብ ምዕራብ ስዊፍት ከረንት በሚባል አካባቢ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ወሰኑና ከጁላይ 1946 ጀምሮ ለአካባቢው ሰው ሁሉ የሐኪምም የሆስፒታልም ወጪ ከጋራ ቋት መከፈል ጀመረ። ገንዘቡ የሚመጣው ከነፍስ ወከፍ መዋጮና ከመሬት ግብር ነበር። ሐኪሞቹ ደመወዝተኛ አልሆኑም፣ ባከሙት ልክ ይከፈላቸው ነበር። የገጠር ሐኪም ሂሳቡን በዶሮና በማገዶ መቀበሉ ቀረና በየጊዜው ገንዘቡን ያገኝ ጀመር። ሐኪሞች ይሸሻሉ የተባለበት አካባቢ እንዲያውም ተጨማሪ ሐኪሞችን ሳበ። ከዚህ በኋላ አይሠራም ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነበር፤ ባቡር ተሳፍሮ ስዊፍት ከረንት ሄዶ ማየት።

ሦስተኛው ደረጃ ሆስፒታል ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1947 ጀምሮ መላው ሳስካችዋን በሆስፒታል መድን ውስጥ ገባ። መዋጮው በዓመት በሰው 5 ዶላር፣ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 30 ዶላር ነበር። ግን እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ሰው ሁሉ ሆስፒታል የመተኛት መብት ቢያገኝና አልጋ ባይኖር ዕቅዱ በመጀመሪያው ወር መሳቂያ ይሆን ነበር። ስለዚህ መንግሥት አስቀድሞ ለሆስፒታል ግንባታ ለየአካባቢው ድጎማ ሰጥቷል። ሥራውን የሚመራ የባለሙያ ኮሚሽንም አቋቁሞ ፍሬድ ሞት የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ሾመበት።

ሌሎች ክፍለ ሀገሮች አዩና ቀኑ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1949 የራሷን ጀመረች። በመጨረሻ በ1957 የፌዴራሉ መንግሥት የሆስፒታል መድን ለሚያቋቁም ክፍለ ሀገር የወጪውን ግማሽ ያህል ለመሸፈን ሕግ አወጣ። ሕጉን ያወጡት ሊበራሎች ናቸው፤ በ1958 ሥራ ላይ ያዋሉት ደግሞ በወግ አጥባቂው ጆን ዲፈንቤከር የሚመራው መንግሥት ነው። ሳስካችዋን አሥር ዓመት ብቻዋን የተሸከመችው ወጪ በአንድ ጊዜ ግማሹ ወረደላት። ዳግላስ የሚጠብቁት ይህን ነበር። የተረፈው ገንዘብ የመጨረሻውን ደረጃ ማለትም የሐኪም ክፍያን መሸፈን ይችላል።

የ1960 ምርጫ

በዲሴምበር 1959 ዳግላስ በሬዲዮ ቀርበው ዕቅዱን ለሕዝብ አስታወቁ። አምስት መርሖዎች ዘረዘሩ፤ ክፍያው አስቀድሞ የሚፈጸም፣ ሁሉን ሰው የሚያካትት፣ ጥራቱ ከፍተኛ የሆነ፣ በሕዝብ ቁጥጥር ሥር የሚተዳደር፣ እንዲሁም በታካሚውም በሐኪሙም ዘንድ ተቀባይነት ያለው መሆን አለበት አሉ። የመጨረሻው መርሖ ለጋስ ነበር፤ በኋላ ግን ራስ ምታት ሆነ። ተቀባይነት የሚለውን ቃል ሐኪሞቹ ዕቅዱን የመከልከል ሥልጣን አድርገው ተረጎሙት።

የሐኪሞች ማኅበሩ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት መድንን በመርሕ ደረጃ ደግፎ ነበር። በ1960 ግን ሐኪሞቹ የራሳቸው የመድን ድርጅቶች አሏቸው፣ ገቢያቸውም ተሻሽሏል። ስለዚህ ተቃወሙ። ማኅበሩ ከየሐኪሙ 100 ዶላር አስከፍሎ ለምርጫው ዘመቻ አዋለ። ሐኪሞች አገሩን ጥለው ይሄዳሉ፣ የማይረቡ የውጭ አገር ሰዎች ይተኳቸዋል የሚል ወሬ ተነዛ። ዳግላስ ምርጫውን ሆን ብለው በዚሁ ጉዳይ ላይ አደረጉት። ቢያሸንፉ ማንም ሕዝቡ አልመከረበትም ሊል አይችልም። ጁን 8 ቀን 1960 ሲ.ሲ.ኤፍ. 37 መቀመጫ አግኝቶ አሸነፈ። በድምፅ ግን ያገኘው 41 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ተቃዋሚው በሦስት ፓርቲ ተከፋፍሎ ነበርና። ይህ ቁጥር መታወስ አለበት፤ ከድሉ በኋላ ለመጣው ማዕበል አንዱ ምክንያት ነው።

የቀድሞው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዋልተር ቶምሰን የሚመሩት አጥኚ ኮሚቴም ተቋቁሞ ነበር። ሐኪሞችም ተወካዮች ነበሯቸው። ሥራው እየተጓተተ ሄዶ የመጀመሪያው ሪፖርት የወጣው በሴፕቴምበር 1961 ነው። ሕጉ በኖቬምበር 1961 ጸደቀ። በዚሁ ጊዜ ግን ዳግላስ አዲስ የተመሠረተው የኤን.ዲ.ፒ. ፓርቲ የፌዴራል መሪ ሆነው ተመርጠው ስለነበር የክፍለ ሀገሩን ሥልጣን ለቀው ወጡ። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ቀደም ሲል የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት ዉድሮ ሎይድ ተረከቡ። አንዳንዶች ዳግላስ እሳቱን አቀጣጥለው ሄዱ ይላሉ። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ ነው ባልልም ባዶም አይደለም።

23 ቀናት

ሎይድ እንደ ዳግላስ ቀልደኛ አይደሉም። ዝምተኛ፣ አስተማሪ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው። ዕቅዱ ሊጀመር የታሰበው በኤፕሪል 1 ቀን 1962 ነበር፤ ለድርድር ተብሎ ወደ ጁላይ 1 ተላለፈ። በዚህ መሐል ጁን 18 ቀን በተደረገው የፌዴራል ምርጫ ዳግላስ በራሳቸው አገር፣ በሬጃይና ከተማ ተወዳድረው ክፉኛ ተሸነፉ። ሕዝቡ በሐኪሞቹ ዛቻ ምን ያህል እንደፈራ ያሳየ ሽንፈት ነው።

ጁላይ 1 ቀን አብዛኞቹ የሳስካችዋን ሐኪሞች ክሊኒካቸውን ዘግተው አድማ መቱ። በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ የድንገተኛ አገልግሎት ተተወ። በዚያው በመጀመሪያው ቀን አንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ታሞ ወላጆቹ ሐኪም ፍለጋ ከከተማ ከተማ ሲነዱ በመንገድ ላይ ሞተ። ሁለቱም ወገን ጥፋቱን በሌላው ላይ አላከከ። አስቡት፤ ሰው በሐኪም እጦት እንዳይሞት ተብሎ የወጣ ሕግ በሥራ ላይ በዋለበት ቀን አንድ ሕፃን በሐኪም እጦት ሞተ። ሎይድ በዚያች ሰዓት ሕጉን አግዱ ቢባሉና ቢያግዱ ማን ይፈርድባቸዋል? አላገዱም።

መንግሥት ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። ከብሪታንያና ከሌላም ቦታ ሐኪሞች አስመጣ። በሳስካቱን ከተማ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አድማውን ካልተቀላቀሉ ሐኪሞች ጋር በሦስተኛው ቀን የራሳቸውን የማኅበረሰብ ክሊኒክ ከፈቱ። በሌላ በኩል ሐኪሞቻችንን አታሳጡን የሚሉ ወላጆች ኮሚቴ አቋቁመው ጁላይ 11 ቀን ሬጃይና ምክር ቤት ፊት ሰልፍ ጠሩ። አስተባባሪዎቹ የጠበቁት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነበር። የመጣው ግን 4 ሺህ ያህል ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የአድማው ጉልበት ከዳ።

ያስታረቁት ሎርድ ቴይለር የሚባሉ የብሪታንያ ሐኪምና የሌበር ፓርቲ ሰው ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት መቀመጥ አልፈለጉምና ሽማግሌው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሱ ቃል ያደርሱ ነበር፤ የአገራችን ሽማግሌ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጁላይ 23 ቀን ሳስካቱን ውስጥ ስምምነት ተፈረመ። ሐኪሞቹ ደመወዝተኛ አይሆኑም፣ ባከሙት ልክ ይከፈላቸዋል፣ የፈለገ ከዕቅዱ ውጭ መሥራት ይችላል። ዋናው ነገር ግን ቆመ፤ ሁሉም ነዋሪ መድን አለው፣ ከፋዩም አንድ የሕዝብ ተቋም ነው። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሞቹ ራሳቸው የማይከፈል ሂሳብ የሚባል ነገር እንደጠፋና ገቢያቸው እንደጨመረ አዩ።

ሎይድ በ1964 ምርጫ ሥልጣናቸውን አጡ። ሆኖም ያሸነፏቸው ሊበራሉ ሮስ ታቸር መድኑን አላፈረሱትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ለምዶት ነበር። ለአንድ ፖሊሲ ከዚህ የበለጠ ፈተና ያለ አይመስለኝም፤ ተቃዋሚው ሥልጣን ሲይዝ መንካት ካልቻለ ሥር ሰዷል ማለት ነው።

ከክፍለ ሀገር ወደ አገር

የካናዳ ሐኪሞች ማኅበር የሳስካችዋን ነገር እንዳይዛመት ብሎ የፌዴራል መንግሥቱን አጣሪ ኮሚሽን እንዲያቋቁም ጠይቆ ነበር። ዲፈንቤከር በ1961 የሳስካችዋኑን ዳኛ ኤመት ሆልን ሾሙ። ሆል ወግ አጥባቂ ነበሩ፤ ማኅበሩ ተስፋ ያደረገውም በዚህ ነው። ግን ዳኛው በሳስካችዋን የሆነውን መረመሩና በ1964 ባወጡት ሪፖርት መላው ካናዳ ተመሳሳይ ሥርዓት እንዲኖራት አሳሰቡ።

በኦታዋ ፓርላማ በዚህ ጊዜ ሌስተር ፒርሰን የሚመሩት አብላጫ መቀመጫ የሌለው የሊበራል መንግሥት ነበር። ዳግላስ በ1962 መጨረሻ በሌላ የምርጫ ክልል አሸንፈው ወደ ፓርላማ ተመልሰዋል። ፓርቲያቸው ትንሽ ነው፤ ድምፁ ግን መንግሥቱ በእግሩ እንዲቆም ያስፈልግ ነበር። ይህን አቅም ዋነኛው ጥያቄያቸው ላይ አዋሉት። ሕጉ በዲሴምበር 1966 በ177 ድጋፍና በ2 ተቃውሞ አለፈ። ሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 1 ቀን 1968 ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የወጪውን ግማሽ የሚሰጠው አራት ሁኔታዎችን ለሚያሟላ ክፍለ ሀገር ነበር፤ ሁሉንም ነዋሪ መሸፈን፣ በሕዝብ ተቋም መተዳደር፣ የተሟላ የሐኪም አገልግሎት መስጠትና ሰው ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ሲሄድ መድኑ አብሮት መሄዱ። በመጀመሪያው ቀን የገቡት ሳስካችዋንና ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ብቻ ናቸው። በ1971 ግን አሥሩም ክፍለ ሀገሮች ገብተው ነበር። ግማሹን ገንዘብ እምቢ ማለት ለማንም ከባድ ነው።

ዳግላስ የፓርቲ መሪነቱን በ1971፣ የፓርላማ መቀመጫቸውን በ1979 ለቀቁ። ከዚያም በኋላ አልተቀመጡም። በእሳቸው አመለካከት በሽተኛውና በሐኪሙ መካከል የቆመውን የገንዘብ ግድግዳ ማፍረስ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው እንዳይታመም አድርጎ የሕክምናውን አሠራር መለወጥ ነው። በ1984 የካናዳ ጤና ሕግ በፓርላማ በሙሉ ድምፅ ጸድቆ ሐኪሞች ከመድኑ በላይ ከታካሚ ተጨማሪ ሂሳብ እንዳይጠይቁ ሲያደርግ በሕይወት ነበሩ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1986 በ81 ዓመታቸው በካንሰር ኦታዋ ውስጥ አረፉ። በ2004 የካናዳ ብሔራዊ ብሮድካስቲንግ ሲ.ቢ.ሲ. ሕዝቡን ታላቁ ካናዳዊ ማን ነው ብሎ ድምፅ ሲያሰጥ አንደኛ የወጡት እሳቸው ናቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ምንድን ነው? እንደ ተማሪ አራት ነገሮች ታይተውኛል።

አንደኛ፣ ቅደም ተከተል ነው። ዳግላስ በጣም ከተቸገሩት ጀመሩ፣ በአንድ አካባቢ ሞከሩ፣ አልጋ ሳይኖር ሆስፒታል ነጻ አላሉም፣ የፌዴራል ገንዘብ ሳይመጣ የሐኪም ክፍያን አልነኩም። ሁለተኛ፣ ካዝናው ነው። ዕዳ እየከፈሉ በመሄዳቸው ገንዘብ ታባክናላችሁ የሚል ክስ አልያዛቸውም። ሦስተኛ፣ ጉዳዩን በግልጽ ምርጫ ላይ አቅርበዋል። አራተኛ፣ የአገሪቱ አወቃቀር ራሱ መሣሪያ ሆኗቸዋል። ጤና የክፍለ ሀገር ሥልጣን ስለነበር ትንሿ ሳስካችዋን የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ቀድማ ሠርታ ማሳየት ቻለች።

ዋጋም ተከፍሏል። ደረጃ በደረጃ መሄድ ማለት የመጨረሻውን ደረጃ ሳይደርሱ መቅረት ማለትም ሊሆን ይችላል። በአድማው ጊዜ ሐኪሞችን ለማስታረቅ የተሰጠው የአከፋፈል ስልት እስካሁን አብሮ ኖሯል። ከሆስፒታል ውጭ የሚገዛ መድኃኒትና የጥርስ ሕክምና ከአገር አቀፉ መድን ውጭ ቀርተው ነበር፤ የፌዴራሉ መንግሥት የጥርስ ሕክምና ዕቅድ የጀመረው በ2023 መጨረሻ፣ የመድኃኒት ሽፋን የመጀመሪያ ሕጉንም ያወጣው በ2024 ነው። ከ1962 እስከ 2024 ስንት ዓመት እንደሆነ አንባቢ ይቁጠር። የሎይድንም ስም አንርሳ። ዳግላስ መንገዱን ቀየሱ፣ በመጨረሻው ዳገት ላይ ግን የቆሙት ሎይድ ናቸው፤ ታላቁ ካናዳዊ ማን ነው ሲባል ግን ስማቸውን የሚያነሳ ጥቂት ሰው ነው።

በመጨረሻ ወደዚያ ሆስፒታል ልመለስ። ያን ቀን አንድ ሐኪም በአንድ ክፍል ስላለፈ አንድ እግር ተረፈ። ዳግላስ ሐኪሙን እንደ አርአያ አንስተው ሐኪሞች ሁሉ እንዲህ ደግ ይሁኑ ብለው ቢሰብኩ ፓስተር ነበሩና ማንም አይገረምም። እሳቸው ግን የታገሉት ደግ ሐኪም በዚያ ቀን ባያልፍም ልጁ የሚድንበትን ሥርዓት ለማቆም ነው። ከእግሩ ሕክምና እስከ ሳስካችዋን ሕግ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ፖሊሲ የምናጠና ሰዎች ጊዜውን ስንሰማ ተስፋ የምንቆርጥ ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደተጀመረ እናስታውስ።